ሰባት እልልታ፣ ሦስት እልልታ፦ ከቪየና እስከ በርሊን

በርግጋሰ ቁልቁለት መንገድ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ተነስቶ ወደ ዳኑብ ቦይ ይወርዳል። የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል። እኔና ወንድሜ ከዲ ትራም ወርደን አንገታችንን በሻርፕ ጠቅልለን ቁጥር 19ን ፈለግን። ወንድሜ ቪየና ሲኖር ስምንት ዓመቱ ነው። በዚህ በር ፊት ብዙ ጊዜ አልፏል፣ አንድም ቀን ግን አልገባም። «ለአንቺ ብዬ ነው እትዬ» አለኝ ትኬቱን ሲቆርጥ።

ሳይኮአናሊሲስን፣ ማለትም በሽተኛን እያናገሩ የተደበቀ ሐሳቡን የመመርመር ሕክምናን፣ የመሠረተው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እዚህ ቤት ውስጥ 47 ዓመት ኖሯል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 ገባ፤ ናዚዎች ኦስትሪያን ከያዙ በኋላ በሰኔ 1938 በ82 ዓመቱ ለቆ ወጣ። በእሱ ዘመን ምድር ቤቱ ሥጋ ቤት ነበር። ስድስት ልጆቹን ያሳደገው፣ በሽተኞቹን ያዳመጠው፣ ማታ ማታ የጻፈው ሁሉ በዚሁ ሕንፃ ነው።

ሕመምተኞቹ ይተኙበት የነበረው ዝነኛ ሶፋ እዚህ የለም። ለንደን ነው፤ ሲሰደድ ይዞት ሄዷል። ሙዚየሙ ምትኩን አስመስሎ አላስቀመጠም። ክፍሉን ባዶ ትቶታል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ብቻ፣ ልጁ አና በኋላ የመለሰችው የጥንቱ ዕቃ አለ። እኔ ባዶው ክፍል ውስጥ ረጅም ሰዓት ቆምኩ። አራቱ እህቶቹ ከዚህ ከተማ መውጣት ሳይችሉ ቀርተው በናዚ ካምፖች አልቀዋል። ስለ ሴቶች በጻፈው ሐሳብ ብጣላውም፣ ይህን እያወቅሁ እዚያ ክፍል ውስጥ መቆጣት አልቻልኩም።

ለምን እንደመጣሁ ልንገራችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ሥራዬም ሰዎችን ማማከር ነው። ከቤቴ በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ባድ ሆምቡርግ የምትባል የፍል ውኃ ከተማ አለች። በመስከረም 1925 የሳይኮአናሊሲስ ሰዎች ጉባኤያቸውን እዚያ አደረጉ። ፍሮይድ የመንጋጋ ካንሰር ይዞት ስለነበር አልሄደም። ስለ ወንድና ሴት የአካል ልዩነት የጻፈውን ጽሑፍ በእሱ ስም የ29 ዓመቷ ልጁ አና አነበበችው። ጽሑፉ ምን ይላል? ሴት ልጅ የወንድ ብልት እንደሌላት ያወቀች ቀን ቅናት ይገባታል፤ ያ ቅናት አይለቃትም፤ እናቷን ትወቅሳለች፤ ወደ አባቷ ትዞራለች፤ በመጨረሻም በልጅ ትካሰዋለች። በዚህ ሰበብ የሴት የሞራል ሚዛን ከወንድ የተለየ ነው፣ ከስሜቷም ነፃ አይወጣም ይላል። አንዲት ወጣት ሴት ይህን በአባቷ ስም፣ በጉባኤ ፊት፣ ጮክ ብላ አነበበች። ባድ ሆምቡርግ ፓርክ በሄድኩ ቁጥር ድምጿ ምን ይመስል ነበር እያልኩ አስባለሁ። ያ ጥያቄ ነው ቪየና ያመጣኝ።

ፍሮይድ ለዚህ ቅናት የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል «ናይድ» ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው ሁልጊዜ እቸገራለሁ። እኛ ሁለት ቃል አለን። ቅናት አለ፣ ምቀኝነት አለ። የቀና ሰው ያለህን ለራሱም ይመኛል። ምቀኛ ግን እሱ ባያገኝም አንተ እንድታጣው ይፈልጋል። ቅናት ደግ ጎንም አለው፤ መንፈሳዊ ቅናት እንላለን፣ የአገር ቅናት እንላለን። ናይድ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸከማል። ፍሮይድ ሴቶች ፍትሕን የማየት ችሎታቸው አነስተኛ የሆነው ናይድ ስለበዛባቸው ነው ሲል፣ እኔ «የትኛው?» እላለሁ። ወንድሟ ትምህርት ቤት ተልኮ እሷ የቀረች ልጅ «እኔስ?» ብትል ይህ ምቀኝነት አይደለም። እንዲያውም ፍትሕ የሚጀምረው ከዚያ «እኔስ?» ላይ ይመስለኛል።

ለወንድሜ ከሁሉ የከበደው ሌላ ነገር ነበር። በ1933 ፍሮይድ ስለ ሴትነት አንድ ትምህርት አሳተመ። በአዳራሽ ያልተነገረ፣ ለንባብ ብቻ የተጻፈ ትምህርት ነው። እዚያ ውስጥ ሴቶች ለሥልጣኔ ያበረከቱት ግኝት ጥቂት ነው፤ ምናልባት ግን ጉንጎናንና ሽመናን የፈጠሩት እነሱ ናቸው ይላል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፦ የጎደላቸውን አካል ለመሸፈን። ይህን ደረጃው ላይ ቆመን ስነግረው ወንድሜ ዝም አለ። የእናታችን አባት ሸማኔ ነበሩ። ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን አስገብተው መወርወሪያውን ሲወረውሩ ልጅ ሆነን አይተናል። አያታችን ጥጥ ይፈትላሉ፣ እሳቸው ይሸምናሉ። በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው። ስፌትና ሹሩባ ደግሞ የሴት። ሽመናን መጀመሪያ ማን እንደፈጠረው ማንም ሊነግረን አይችልም። ግን አንድ ሥራ አንዱ አገር የሴት፣ ሌላው አገር የወንድ ከሆነ፣ ምንጩን ከሴት አካል ውስጥ መፈለግ ምን ይሉታል? «አባባ ምን ሊሸፍኑ ነበር ታዲያ?» አለ ወንድሜ። ከምሩ ነበር የጠየቀው።

ለፍሮይድ ፍትሐዊ ልሁን። እዚያው ገጽ ላይ፣ ይህን ሐሳብ ቅዠት ነው ብትሉኝ መከላከያ የለኝም ብሎ ጽፏል። ትምህርቱንም ሲዘጋ፣ ስለ ሴት የበለጠ ማወቅ ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ሕይወት ጠይቁ፣ ወይ ወደ ገጣሚዎች ሂዱ፣ ወይ ሳይንስ እስኪያድግ ጠብቁ ይላል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይራራል።

ከሙዚየሙ ወጥተን ጥግ ላይ ካለ ቡና ቤት ገባን። ወንድሜ ሲወለድ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር። በሰፈራችን ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባል ነበር፤ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ሰባት። ከዚያ አክስቴን «ለእኔ ስንት ነበር?» አልኳት። ሦስት አለችኝ። ይህን ለወንድሜ ነግሬው አላውቅም ነበር። ዕድሜ ልኬን የቀናሁት በሱ አካል አልነበረም። አካሉንማ ሳጥበው፣ ሳዝለው ነው ያደግኩት። የቀናሁት በአራቱ እልልታ ነው። ማታ ውጭ መቆየት መቻሉ፣ ሳህኑን ትቶ መነሳቱ፣ እንግዳ ሲመጣ መቀመጡ፣ ሁሉም የአራቱ እልልታ ዘመድ ነው።

ወንድሜ ስኒውን አዟዟረው። «እኔስ በምን እንደምቀና ታውቂያለሽ?» አለኝ። «በአራስ ቤቱ።»

አክስታችን የወለደች ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሴቶቹ ገንፎ ይዘው እየመጡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ። ውስጥ ሳቅ አለ፣ የቅቤ ሽታ አለ፣ ወሬ አለ። እኔ ውሃ እያቀበልኩ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። እሱን ከበር መለሱት። «ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? ሂድ ተጫወት!» ተባለ። በግድግዳው ቀዳዳ ሲያይ ዋለ። ማጀት ሲገባም የሴት ባሕርይ አለው እያሉ ይሰድቡት ነበር። «እናንተ አንድ የምታውቁት ትልቅ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። «እኔ መቼም የማላውቀው።» ከዚያ አስተናጋጁን ጠርቶ ሂሳብ ከፈለ። ስለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልተናገረም።

ያን ንግግር ይዤ በማግስቱ ብቻዬን በፕራግ በኩል ወደ በርሊን ሄድኩ። የምሄደው ካረን ሆርናይ ወደምትባል ሐኪም ነበር ማለት ይቻላል። ሃምቡርግ አጠገብ በ1885 ተወለደች፤ አባቷ የመርከብ ካፒቴን ነበር። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት በራቸውን ገና መክፈት በጀመሩበት ዘመን ሕክምና ተማረች፤ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች። በ1920 ፖትስዳመር ጎዳና ላይ ነፃ የሳይኮአናሊሲስ ክሊኒክ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ውስጥ ነበረች። ጎዳናው ዛሬ የልብስ መሸጫ፣ የሥዕል ጋለሪ፣ የቱርክ ምግብ ቤት ነው። የድሮውን መንፈስ የሚነግር ነገር አላገኘሁም። እግሬ እስኪደክም ግን ተመላለስኩበት።

በ1922 በዚሁ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ፍሮይድ ባለበት ተነስታ ተናገረች። የሰው ልጅ ግማሹ በተፈጠረበት ፆታ ቅር ብሎት ይኖራል ብሎ መደምደም ለሴቶች ብቻ ሳይሆን ለሥነ ሕይወትም አይዋጥም አለች። በ1926 ባሳተመችው ጽሑፍ ደግሞ ከሥሩ ነካችው። ይህን ሳይንስ የፈጠረው ወንድ ነው፤ ያሳደጉትም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ስለ ሴት ልጅ እድገት የሚሉትም ትንሽ ወንድ ልጅ ስለ እህቱ ከሚገምተው ጋር አንድ ነው አለች። ከዚያ ያልተጠበቀውን ጨመረች። ወንዶችን ስታክም በእርግዝና፣ በመውለድ፣ በማጥባት የሚሰማቸው ቅናት ብርታቱ እንዳስደነቃት ጻፈች። ኋላ «የማህፀን ቅናት» የተባለው ይህ ነው። የወንድሜ አራስ ቤት ትዝ አለኝ።

ፍሮይድ በዕድሜው መጨረሻ በጻፈው ሥራ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ሐኪም የወንድ ብልት እንዲኖራት ያላትን የራሷን ምኞት ብርታት በሚገባ ካላመነች በበሽተኞቿም ላይ ክብደት ባትሰጠው አይገርመንም ይላል። ስሟን አልጠራም፤ ሆርናይን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ካመንሽ ልክ ነኝ፣ ካላመንሽም በሽታው ስላለብሽ ነው። በየትኛውም መንገድ የማይሸነፍ ሐሳብ ሊፈተን አይችልም። ፈላስፋው ካርል ፖፐር፣ እሱም የቪየና ልጅ፣ ሳይኮአናሊሲስን የከሰሰው በዚህ ነው። ሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ መልስ ለሰው ብሰጥ በማግስቱ ተመልሶ አይመጣም፤ ባይመጣም ልክ ነው።

የማህፀን ቅናትስ? እውነቱን ለመናገር፣ ወንድ ሁሉ ውስጥ አለ ከተባለ እሱም እዚያው ጉድጓድ ይገባል። የወንድሜ ታሪክ የወንድሜ ነው። ሆርናይም ብትሆን በኋላ አሜሪካ ሄዳ ሐሳቧን ከአካል እያራቀች፣ ሰው ወዳደገበት ቤትና ባህል አመጣችው። እዚያም ወግ አጥባቂዎቹ አልወደዱላትም። በ1941 የኒው ዮርክ ተቋሟ የማስተማር ማዕረጓን ዝቅ ሲያደርግባት ጥላ ወጣች። ክላራ ቶምፕሰን የተባለች ሐኪም ደግሞ በ1943 ነገሩን በግልጽ አስቀመጠችው፦ ሴት የወንድን አካል ተመኘሁ ብትል እንኳ፣ የምትመኘው ከዚያ አካል ጋር የሚሰጠውን ቦታ ነው።

ሕፃናት የአካል ልዩነትን ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይገረማሉ። በወንድምና በእህት መካከል ቅናት አለ። ሴቶች የሚናገሩትን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሐኪም በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር፤ ፍሮይድ አዳምጧል፣ ቅናቱንም ሰምቷል። የሳተው ወዴት እንደሚያመለክት ነው። ሕይወታችሁን ጠይቁ ያለውን ምክር ግን ፖትስዳመር ጎዳና ላይ ቆሜ ተቀበልኩት።

ስልኬን አወጣሁና እማዬ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ መሽቷል። «እማዬ፣ እኔ ስወለድ ሦስት፣ እሱ ሲወለድ ሰባት እልል ሲባል ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች።

«ምን እሰማለሁ ልጄ፤ ደክሞኝ ተኝቼ ነበር» አለችኝ። «ደግሞ እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ከዚያ ስለ ወንድሜ ጠየቀችኝ። ከስቷል ወይ፣ ወፍራም ካፖርት አለው ወይ፣ ይበላል ወይ።