በ31ኛው ቀን ማንም አልታመመም

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የወባ ጥናት ሲጀመር፣ የስታቲስቲክስ መምህር ነኝና የመረጃው ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ጥናቱ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በመስኖ የሚለማ አንድ ወረዳን የሚመለከት ነበር። ዋናዋ ተመራማሪ ከኅብረተሰብ ጤና ነበረች፤ ከባዮሎጂ ትንኝ የሚያጠምድ፣ ከውኃ ምሕንድስና የዝናቡንና የቦዩን ነገር የሚከታተል፣ ከሶሺዮሎጂ ቤት ለቤት እየዞረች የምትጠይቅ ባልደረባ ተጨምረው፣ እኔ የአራቱን ሥራ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ እንዳገናኝ ተስማማን። ገንዘብ ስንጠይቅ «ሁለገብ ጥናት» የሚለው ቃል ከገጽ ገጽ አልጠፋም ነበር፤ በተግባር ግን ሁሉም በየቢሮው ሠርቶ ፋይሉን በኢሜይል ይልክልኝ ነበር እንጂ፣ አንዱ የሌላውን መዝገብ ገልጦ ያየበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የሕሙማኑ መረጃ የመጣው ከወረዳው ጤና ጣቢያ መዝገብ ሲሆን፣ ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. ያሉትን ሦስት ዓመታት ይሸፍናል። ጠርዛቸው የተበላ ትልልቅ መዝገቦች ናቸው፤ ቀኑ፣ ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ የደም ምርመራው ውጤት ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገቡልን ሁለት ወጣት ምሩቃን ቀጠርን። የዝናቡም የትንኙም መረጃ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለነበር፣ ለልጆቹ በስልክ «ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ አስገቡልኝ» አልኳቸውና ወደ ክፍሌ ገባሁ። የሰጠኋቸው መመሪያ ይህ ብቻ ነበር።

ሁሉንም አገናኝቼ ግራፉን ባወጣሁ ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በአገራችን ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢዎች ወባ በዋናነት የሚበረታው የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ የበልግ ዝናብ ባለበት ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት አነስ ያለ ከፍታ ይኖራል። የእኛ ግራፍ ግን ትልቁን ከፍታ በፌብሩዋሪና በማርች፣ በደረቁ ወራት፣ አሳየ። በሴፕቴምበር አካባቢም አነስተኛ ከፍታ ነበረው፤ ሁላችንንም ያሳመነን እንዲያውም ይህ ትንሹ ከፍታ ነው። የተለመደው የክረምት ማግስት ወባ በቦታው ስላለ መረጃው ጤናማ ነው፣ የተጨመረው የበጋው ወባ ደግሞ አዲስ ግኝት ነው ብለን ተቀበልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ። የውኃው መሐንዲስ በበጋ ቦዩ ሲከፈት በየማሳው ጠርዝ የሚተኛው ውኃ ለትንኝ እጭ ምቹ መሆኑን የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ጻፈ። የሶሺዮሎጂ ባልደረባችን በበጋ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ያለ አጎበር ውጭ እንደሚያድሩ በቃለ መጠይቅ ሰብስባ ነበርና፣ ያንን አያይዛ የራሷን አንቀጽ አከለች። ሁለቱም የጻፉት በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ቦዩም ውኃ ይተኛበታል፣ ሠራተኛውም ውጭ ያድራል። ቅር ያለው ትንኝ አጥማጁ ብቻ ነበር። በብርሃን ወጥመዶቹ ውስጥ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ በብዛት የገባችው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር እንደነበረ፣ በፌብሩዋሪ ግን አንዳንዱ ወጥመድ ባዶውን እንዳደረ ያውቃል። ነገር ግን «የሕሙማኑ ቁጥር ይህን ካለ ወጥመዶቼ የተተከሉበት ቦታ ይሆናል ችግሩ» ብሎ ራሱን ተጠራጠረ። እኔም በሙያው አልገባም ብዬ ዝም አልኩ። አምስታችንም እንዲህ በመከባበር ተስማምተን፣ የጥናቱን ማጠቃለያ ለአንድ ጉባኤ ላክን።

ውጤቱን ለወረዳው ሰዎች የምናሳውቅበት ስብሰባ በጤና ጣቢያው አዳራሽ ተካሄደ። ግራፉ ግድግዳው ላይ በርቶ እኔ ሳብራራ ከኋላ ወንበር አንዲት ጠና ያሉ ሴት እጃቸውን አወጡ። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የእኛን ጤና ጣቢያ አይመስልም» አሉ። «እኛ ዘንድ ሰው በር ላይ የሚሰለፈው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ትንሽ የምንተነፍሰው ኅዳር ሚካኤል ሲያልፍ ነው። በየካቲትማ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ጥጥ እፈትላለሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅ ብዬ፣ የሰው ትዝታ ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት፣ መዝገብ ግን እንደማይዋሽ በትሕትና አስረዳኋቸው። መዝገቡን በእጃቸው የጻፉት እርሳቸው መሆናቸው በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። እርሳቸውም «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ተቀመጡ። በአማርኛ ይህ አባባል መስማማት እንዳልሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ማታ በያዝኩት አልጋ ቤት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ላፕቶፔን ከፍቼ ጥሬውን የኤክሴል ፋይል ወደ ታች እያወረድኩ ማየት ጀመርኩ። ኤክሴል የገባለትን ቀን እንደ ቁጥር ስለሚቆጥረው ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፤ ያልገባውን ግን እንደ ተራ ጽሑፍ ወስዶ በግራ ይተወዋል። ከረጅሙ የቀን ዓምድ ውስጥ አልፎ አልፎ ወደ ግራ ያፈነገጡ ሕዋሶች ነበሩ። ሶፍትዌሬ እነዚህን «ቀን የሌላቸው» ብሎ ሲጥላቸው፣ እኔም የጸሐፊ ግድየለሽነት ነው ብዬ አልፌያቸው ነበር። አሁን ለብቻ አውጥቼ ደረደርኳቸው፦ 29/02፣ 30/02፣ ከዚያም 01/13፣ 02/13፣ 03/13። ልቤ ደነገጠ። ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም፤ ጥቅምት ግን አለው። 13ኛ ወር ያለው ደግሞ ማን እንደሆነ መናገር አያሻም። በሦስቱ ዓመታት ውስጥ የወደቁት ቀናት 22 ሆኑ፤ 6ቱ ጥቅምት 29 እና 30፣ 16ቱ ጳጉሜን፣ ምክንያቱም በ2011 ጳጉሜን 6 ነበረች። ለማረጋገጥ በወሩ 31ኛ ቀን የታከመ ሰው ፈለግሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ በ31ኛው ቀን የታመመ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ከልጆቹ አንዱን ስጠይቀው ሳያመነታ መለሰልኝ፤ «ዓመቱ ላይ 8 ደምረን ወደ ፈረንጅ ቀየርነው፣ መምህር።» ቀኑንና ወሩን አልነኩትም። ስለዚህ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የታመመው ሰው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25 ቀን 2018 መሆን ሲገባው፣ በሰንጠረዣችን ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2019 ታሟል። ትልቁ የጥቅምትና የኅዳር ወባ ወደ ፌብሩዋሪና ማርች ሲሻገር፣ ትንሹ የሚያዝያና የግንቦት ወባ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ አርፎ የክረምት ማግስት ወባ መስሎ ቆየን። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። «ወደ ፈረንጅ ቀይሩ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ እንዴት እንደሚቀየር ያላሳየሁትም እኔ ነኝ።

የሌሎቹን ፋይሎችም በዚያው ዓይን አየናቸው። የሶሺዮሎጂዋ ባልደረባችን «ማታ ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ብዙው ሰው «ሦስት ሰዓት» ብሏል፤ ታብሌቱ ግን ይህን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ መዝግቦት ተገኘ።

ዋናዋ ተመራማሪ ያንኑ ቀን ለጉባኤው ጽፋ ማጠቃለያውን አስወጣች። ከዚያ ወዲህ ቀኑ በመዝገቡ ላይ እንዳለ፣ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንዲገባ፣ አቆጣጠሩም በአራተኛ ዓምድ እንዲጻፍ አደረግን፤ የመለወጡን ሥራ አንድ ፕሮግራም ብቻ ይሠራዋል። ቀኖቹ ሲስተካከሉ ዝናቡ፣ ትንኙና ሕመምተኛው በተራቸው ተከታተሉ፤ እጩ ትንኝ እስኪሆን፣ የወባው ጥገኛ ተሕዋስ በትንኟ ውስጥ እስኪበስልና በሰው ላይ እስኪገለጥ የሚወስዱት ሳምንታት ሁሉ በግራፉ ላይ ይቆጠሩ ነበር። መሐንዲሱ ሁለቱን ገጾቹን ሰረዛቸው። ትንኝ አጥማጁ ምንም አላለኝም፤ ለሳምንት ያህል ግን ቡናውን ሁልጊዜ እኔ ከፈልኩ።

አዲሱን ግራፍ አትሜ ለእትዬ ራሴ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ እየተከተሉ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያሉ ወራቱን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ነሐሴ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ጳጉሜንስ የት ገባች?» አሉኝ።

ከመስከረም ጋር ደርቤያት ነበር። ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ።