ድሬ፣ ባቡርና ጀሪካን

ዛሬ ድሬዳዋ ገባሁ። ሙቀቷን አልሰሰተችም! አዲሱ የባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ወሬ ይችልበታል። «አቦ፣ የድሮው ባቡር እኮ ከዚራ መሀል ነበር የሚያወርድህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚራ የከተማዋ መሀል ሰፈር ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት እግርጌው ላይ ቆመ፤ ከተማዋም የተወለደችው ያኔ ነው።

ድሬን ለኢንቨስተር ማስተዋወቅ ከባድ ሥራ አይመስለኝም። ጅቡቲ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ደረቅ ወደብ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም አለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና የተከፈተው እዚሁ ነው። ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ይከማቻል፣ ይቀነባበራል፣ ተመልሶም ወደ ውጭ ይላካል። ለነጋዴ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገንዘቡ ቀረጥ ላይ አይታሰርበትም።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ያረፍኩበት ቤት ኮሪደሩ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ግጥም ብለው ተደርድረዋል። በየብሮሹሩ ስለ ሐዲዱ እንጂ ስለ ውሃው ብዙም አይወራም። ፋብሪካ ሊተክል የመጣ ሰው ግን ገና ከመኪና ሳይወርድ ይጠይቃል፤ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?