ፍግ ወይስ ኩበት፦ የወገራ ጓሮ

የካቲት መጨረሻ ላይ ወገራ የሄድኩት ለጓሮ ሥራ ነው። አዲስ አበባ በረንዳዬ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ጎመንና ቃሪያ ስለማበቅል፣ ጓደኛዬ “እስቲ የእኛን ቤት ጓሮ አይተህ ና፤ ያኔ ገበሬ ነኝ ማለቱን ትተዋለህ” ብሎ ወላጆቹ ዘንድ ላከኝ። ፋሲል ግንብን ደጋግሜ ስላየሁት ጎንደር ያደርኩት ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ጠዋት መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ለሻንጣዬ ብቻ 150 ብር ተቀበለኝ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጆንያ ሙሉ እህል ጭነው ሳንቲም አልተጠየቁም። ይህንኑ ሳብሰለስል የኮሶዬን አፋፍ፣ ያን ቁልቁል የሚታየውን ቆላ፣ በቅጡ ሳላየው አለፈኝ።

የወገራዋ ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከፍታዋ ግን ወደ 2,900 ሜትር ስለሚጠጋ ብርዱ ለብቻው ነው። ከዚያ በእግር ነው። አባባ ደጅ ላይ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብለው መዘኑትና “ይህን ሁሉ ልብስ ማን ሊለብሰው ነው የኔ ልጅ?” አሉኝ።

ጓሮው ከቤቱ ጀርባ ነው። አጥሩን ተጠግቶ ጌሾ፣ ቀጥሎ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት፣ የቀረው ለድንች የተቆፈረ። ድንች በዚህ ወቅት በመስኖ የሚተክሉት ወደው ነው፤ ክረምት ላይ ዝናብና ጉም ሲደራረብ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቅ በሽታ አለ፣ የበጋው ድንች ከእሱ ያመልጣል። ዘሩ ብርሃን በሚያገኝ መደብ ላይ ተዘርግቶ አጭርና ወፍራም ቡቃያ አውጥቷል። ቀጭንና ረጅም ያበቀለውን እማማ እየለዩ ለወጥ ያስቀምጡታል።

ፀቡ ያለው እበቱ ላይ ነው። አባባ ፍጉ ለድንቹ ይግባ ይላሉ። እማማ ደግሞ “እንጀራውንስ በምን ልጋግረው? በፀሐይ?” ባይ ናቸው። ባሕር ዛፍ አላቸው፤ ግን አጠና ሆኖ ይሸጣል፣ የልጆቹ ደብተርና ጨው የሚገዛው በእሱ ነው። ስለዚህ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት ከነደደ መሬቱ ይራባል፤ የሚገዛው ማዳበሪያ ደግሞ ከገብሱና ከስንዴው ተርፎ ጓሮ አይደርስም። ክረምት ከገባ እበት ስለማይደርቅ የክረምቱም ማገዶ የሚጠፈጠፈው በዚሁ በበጋ ነው፣ ልክ ጓሮው ፍግ በሚለምንበት ጊዜ። እኔ በልቤ ለእማማ ፈረድኩ። አባባ አንድም ቀን ምጣድ አሰምተው አያውቁም። ደግሞስ አመዱ መልሶ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ በያዘው ጎመን ላይ ይነሰነስ የለ!

ያበሳጨኝ ሌላ ነው። የመጣሁት ልቆፍር ነው፤ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ በመሐል እሑድ፤ ዶማ የሚነሳበት ቀን ጠፋ። ፈቃዴ እያለቀ እኔ ጠላ እየጠጣሁ ወሬ እሰማለሁ። ጾም ስለሆነ ወተት አይቀመስም፤ ይናጥና ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። ሽሮው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ምራቄን ያስውጠኛል።

የውሃ አባት የሚባሉት ሽማግሌ የእኛን ተራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አደረጉት። መቀስቀስ አላስፈለገኝም፤ ቁንጫ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ቀስቅሶኛል። ሰፈሬ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በርሜል ለመሙላት ሌሊት እየተነሳሁ የማልራገመው የለም። እዚህ ግን አባባ ዱላቸውን ይዘው እየተቀኙ ነው የወጡት። የቦዩን አፍ በዶማ ከፈቱት። ውሃው ገለባና አረፋ እየገፋ መጣ፣ የተሰነጠቀው አፈር ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ጠጣ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ፈር ዞረ። አንዱ መደብ ሲጠግብ በሣር ጓል ደፍኜ የሚቀጥለውን መክፈት የእኔ ሥራ ሆነ። ያበደሩኝ ኮንጎ ጫማ ውስጥ ጣቶቼ መኖራቸውን ረሳሁ።

ከእኛ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ቦዩ ዳር ቆሞ ነበር። ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለና “ለዚህ ብርድ እኛ አለንለት” አለኝ። ሊነጋጋ ሲል ልመልስለት ብሞክር “ስትሞቅ ታመጣዋለህ” ብሎኝ ዶማውን አንስቶ ወደ ሥራው ገባ።

ልመለስ የነበርኩበት ጠዋት አባባ ገና ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሱኝና ጆንያ አስያዙኝ። ከክምሩ ሦስት ጆንያ ፍግ ድንች መሬቱ ላይ ደፋን፤ አባባ ቶሎ ቶሎ አፈር አለበሱበት። እማማ ለቡና እሳት ሊያነዱ ሲወጡ ክምሩ መጉደሉ በአንድ እይታ ገባቸው። መጀመሪያ ክምሩን፣ ቀጥለው ሱሪዬን አዩ።

“እንግዳ አሸክመው ነው? ይሁን፤ ድንቹ ሲደርስ ጥሬውን ይበሉታል።”