ከሐረጎ ጉም እስከ ሜሪላንድ፦ ሜትሮሎጂን ሙያ ማድረግ

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ሁሉ ሜትሮሎጂን በገላው ያውቀዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ይቀንሳል። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚለያይ፣ ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ክንዱ ላይ ያደርገዋል። ሐረጎን የሚሸፍነው ጉምም ምክንያት አለው፤ እርጥብ አየር ተዳፋቱን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው የውኃ ተንም ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይለወጣል። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ብሆንም ይህን ምክንያት በቀመር ሲጻፍ ያየሁት ሜሪላንድ ውስጥ፣ በቴርሞዳይናሚክስ፣ ማለትም በሙቀትና በኃይል ሳይንስ ክፍል ተቀምጬ ነው። በዚያ ቀን የተሰማኝ ደስታ ሙያውን እስካሁን ያስወድደኛል።

ወደ አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ነው። እንደ ብዙዎቹ ወገኖቼ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እየጠበቅሁ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ። ቀድመውን የመጡት ታላላቆቻችን በቅን ልቡና የሚመክሩት ነርስነትን ወይም የኮምፒዩተር ሙያን ነበር፤ ቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ላለበት ሰው ምክሩ ትክክል መሆኑን ዛሬም አምናለሁ። ይሁን እንጂ እኛ በብዛት በምንኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ኮሌጅ ፓርክ ላይ ደግሞ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከሉ አለ። በዚያ ማዕከል የአፍሪካ ዴስክ የሚባል ክፍል ከአህጉራችን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ባለሙያዎችን እንደሚያሠለጥን ስሰማ፣ ሙያው ለእኛም የተከፈተ መሆኑን አወቅሁ።

ሜትሮሎጂ ሲባል ብዙ ሰው በቴሌቪዥን ካርታ ፊት የሚቆመውን ሰው ብቻ ያስባል። የሙያው እውነተኛ በር ሒሳብ ነው። ከባቢ አየር በምትሽከረከር ምድር ላይ የሚፈስ ፈሳሽ ተደርጎ ይጠናል፤ የሚገዙትም የእንቅስቃሴ፣ የሙቀትና የቁስ አካል ጥበቃ ሕጎች ስለሆኑ፣ ካልኩለስንና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንን፣ ማለትም የለውጥን ሒሳብ ያልተሻገረ ተማሪ ሁለተኛው ዓመት ላይ መቆሙ አይቀርም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት አንድን ሰው በሜትሮሎጂስትነት ለመቅጠር ቢያንስ 24 ክሬዲት የሜትሮሎጂ ትምህርት ይጠይቃል፤ ከዚህም ውስጥ 6ቱ የከባቢ አየር ዳይናሚክስና (የአየር እንቅስቃሴ ጥናት) ቴርሞዳይናሚክስ፣ ሌላ 6 ደግሞ የአየር ሁኔታ ትንተናና ትንበያ መሆን አለበት፣ ፊዚክስና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንም ይታከልበታል። በዚህ ላይ አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ዜግነት ስለሚጠይቅ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ዓይኑን ወደ ግል ድርጅቶች ማማተር ይኖርበታል። እኔም የገባሁት ለኤሌክትሪክ ኃይል አቅራቢዎች የሙቀት ትንበያ በሚያዘጋጅ ድርጅት ነው፤ ነገ ሙቀቱ በሁለት ዲግሪ ከፍ ቢል ስንት ቤት ማቀዝቀዣ እንደሚከፍት አስቀድሞ ማወቅ ለእነርሱ ትልቅ ገንዘብ ነው።

የሌሊት ተረኛ ስሆን የማልዘለው አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር (ዴይላይት ሴቪንግ) በሜሪላንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በኮምቦልቻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06 የሚባለው የምልከታ ጊዜ ማለት ነው። በዚያች ሰዓት የኮምቦልቻ ጣቢያ ባለሙያ የዝናብ መለኪያውን ያነባል፣ ነጩን የእንጨት ሣጥን ከፍቶ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት የሚታወቅባቸውን የደረቁንና የእርጥቡን ቴርሞሜትር ያያል፣ ሰማዩ ከስምንት እጅ ስንቱ በደመና እንደተሸፈነ ይመዘግባል። ሪፖርቱም 63333 በሚለው የጣቢያው መለያ ቁጥር በዓለም አቀፉ መረብ ይተላለፋል። ይህን ቁጥር ስክሪኑ ላይ ሳየው ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል፤ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራው ክብደት ስለሚገባኝ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ ያን ዕለት ያልተለካ ዝናብ ደግሞ በማንም ሳይንቲስት፣ በየትኛውም ኮምፒዩተር ተመልሶ በትክክል አይለካም። የአንድ ቦታ መደበኛ የአየር ንብረት የሚሰላው በ30 ዓመት መዝገብ ሲሆን፣ የአሁኑ መነሻ ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በየማለዳው በትጋት የሚጻፈው ቁጥር እዚህ እኛ ከምናየው ውድ የኮምፒዩተር ትንበያ ሞዴል ያነሰ ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ሞዴሉ ለወሎ ተራሮች ልክ መሆኑና አለመሆኑ የሚፈተነው በእርሱ ነው።

አጎቴ ደሴ ዙሪያ ባለው ደጋ የበልግ ገብስ ያመርታሉ። በጥር ወር ስደውልላቸው ከጤና ጥያቄ ቀጥሎ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ አንተ የተማርኸው ይህን አይደል፤ በልጉ ይገባል ወይ?» ስለ ክረምቱ ቢጠይቁኝ የምናገረው ነገር አለኝ። በመካከለኛውና በምሥራቃዊው የፓስፊክ ውቅያኖስ የባሕሩ ገጽ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲከሠት፣ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት የመዳከም ዝንባሌ አለው፤ በ2007 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ሲሆን፣ ያን ዓመት በልጉም አስቀድሞ ከሽፎ ስለነበር ጉዳቱ ተደራረበ። በልግ ግን ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በሚመጣ እርጥበት፣ ከሰሜን በኩል በሚወርዱ የላይኛው አየር ሞገዶችና በሁለቱ መገናኘት የሚዘንብ በመሆኑ፣ ከወራት በፊት መተንበዩ ከክረምት እጅግ ይከብዳል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ናይሮቢ አቅራቢያ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የወቅት ትንበያን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ብለው በመቶኛ የሚያቀርቡት ስለዚህ ነው። ለአጎቴ መቶኛውን ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰምተው «አብሽር፣ እርሱ ያውቃል፤ ግን ዘሩን ከሁለት ልክፈለው?» አሉኝ። ግማሹን ቀድመው፣ ግማሹን ዝናቡ ሲረጋ መዝራታቸው ማለት ነው። በአሜሪካ የስጋት አስተዳደር ብለው ያስተማሩኝን አጎቴ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። በወሎ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ትውልድ ልጅ፣ ረሃብ በዝናብ መቅረት ብቻ እንደማይመጣ ቢያውቅም፣ የበልግን ጥያቄ ለሌላ ሰው ትቶ ማደር አይችልም። እኔም ማስተርሴን የሠራሁት በዚሁ በበልግ ዝናብ ላይ ነው።

አሁን የእኅቴ ልጅ ኮምቦልቻ 12ኛ ክፍል ነው፤ እንደ እኔ መሆን እንደሚፈልግ ነግሮኛል። እኔ በሄድሁበት መንገድ እንዲመጣ ግን አልመከርሁትም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሜትሮሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል፤ ፊዚክስ ወይም ሒሳብ አጥንቶ መግባትም ይቻላል፣ ምክንያቱም የአሜሪካና የአውሮፓ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ከእነዚህ መስኮች የመጡ ተማሪዎችን በደስታ ይቀበላሉ። በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት የተቀበሉት ተማሪ ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የኑሮ ድጎማም ያገኛል፤ ሌሊት መኪና ሳይጠብቅ መማር ይችላል ማለት ነው። እስከዚያው ካልኩለሱን እንዲያጠብቅ፣ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንዲለማመድ፣ ጣቢያው ከፈቀደለትም አንድ ማለዳ ሄዶ ምልከታው እንዴት እንደሚሠራ እንዲያይ ነግሬዋለሁ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በአብዛኛው በታኅሣሥና በጥር ስለሚዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ለፕሮፌሰሮቹ መጻፍ ያለበት በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ደብዳቤውን አብረን እናረቅቃለን።