እንጀራውን ቦሌ፣ ወጡን ደመና ላይ

ከቦሌ ወደ ዋሺንግተን ዳለስ የሚሄደው አውሮፕላን የሚነሳው ማታ ነው። ከፍታውን እስኪይዝ፣ ጋሪው ከጋሊ፣ ከአውሮፕላኑ ትንሽ ወጥ ቤት፣ እስኪወጣ፣ ትሪው ፊታችን እስኪደርስ ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን ይነካል። ቢዝነስ ክላስ ውስጥ ሙሉው መስተንግዶ፣ ከመጀመሪያው መጠጥ እስከ ቡናው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ገና መሬት ላይ ሳለሁ የምወስነው ነገር አለ፦ እንጀራውን እዚህ ልብላ ወይስ እዚያ? ደጋግሜ ሞክሬ የደረስኩበት ይህ ነው፤ እንጀራ ላውንጅ ውስጥ፣ ማለትም ከበረራ በፊት በሚጠበቅበት ማረፊያ፣ ወጥ አየር ላይ።

ቦሌ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ክላውድ ናይን ላውንጅ የባህል ምግብ የሚቀርብበት ጥግ አለው፤ ቡናም እዚያው ይፈላል። አውሮፕላን ላይ የሚጫን ምግብ ግን፣ የየትኛውም አየር መንገድ ቢሆን፣ የሚያልፍበት መንገድ አንድ ነው። ወጥ ቤት ይበስላል፣ ወዲያው በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ተይዞ ይጫናል፤ ከዚያ አየር ላይ በጋሊው ኦቭን 20 ደቂቃ ገደማ ይሞቃል። ይህ ለወጥ ምንም አይደለም። እንጀራን ግን ይገድለዋል። የተጋገረ ነገር ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ስታርች ውሃውን እየለቀቀ ይጠጥራል፤ ይህ የሚፈጥነው ደግሞ ልክ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ላይ ነው። ፍሪጅ ያደረ እንጀራ ሲታጠፍ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ላለስልሰው ተብሎ ኦቭን ውስጥ ቢገባ ደግሞ ጠርዙ ድርቆሽ ሆኖ ይወጣል።

ከዚያ የካቢኑ አየር ይጨመርበታል። በረጅም በረራ ላይ የአየሩ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ተፈትቶ የተቀመጠ እንጀራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ጠርዙ ወደ ላይ መጠቅለል ይጀምራል። እንጀራውን አየር ላይ መብላት ለሚፈልግ ሰው ያለው ዘዴ አንድ ነው፦ ጥቅሉ እንደታሸገ ይቆይ።

«ጋሼ፣ እንጀራውን ልፍታልዎት?»

«ተይው እህቴ፣ ወጡ ሲመጣ እኔው እፈታዋለሁ።»

ወጡ ትኩስ ሆኖ ሲደርስ አንዱን ጥቅል ፈትቶ ሳህኑ ላይ ማንጠፍ፣ ወጡን መሃል ላይ ማውጣት፣ የወጡ ዕቃ የተከደነበትን ፎይል መልሶ ከላይ መክደን፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ። የወጡ እንፋሎት ሥራውን ይሠራል። የቀረው ጥቅል በየተራ ይፈታ እንጂ ሁሉም በአንዴ አይከፈት። የእጅ ነገር ሌላው ጣጣ ነው። ሙቅ ፎጣው የሚመጣው ገና ከመጠጡ በፊት ስለሆነ ምግቡ ሲደርስ ቀዝቅዞ ተወስዷል፤ ሁለተኛ ፎጣ ከምግቡ በፊት፣ ሦስተኛ ከምግቡ በኋላ ቀድሞ መጠየቅ ነው። በበርበሬ እጅ የወንበሩን ስክሪን የነካ ሰው፣ ከዚያም ዓይኑን ያሸ ሰው፣ ለምን እንደምለው ይገባዋል።

ስለ ጣዕም ብዙ ሰው የሚያማርረው ከፍታውን ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ሰው ከሌላው ይለያል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የቦይንግ 787 እና የኤርባስ ኤ350 ካቢን ግፊት የሚስተካከለው ቢበዛ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ግፊት ነው፤ የቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ይደርሳሉ። እንግዲህ ከቦሌ በ787 የተነሳ መንገደኛ፣ ውጭው 11,000 ሜትር ሲሆን፣ በሳንባው በኩል ወደ ቆላ እየወረደ ነው። ቡና የሚፈላበት ውሃ እንኳ አዲስ አበባ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በ787 ካቢን ግፊት ግን ወደ 94 ይደርሳል።

ታዲያ ምግቡ ለምን ይደበዝዛል? አንደኛ፣ አፍንጫ ስለሚደርቅ ነው፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ሽታ ነው። ሁለተኛ፣ የሞተሩ ጩኸት ነው፤ ካቢን ውስጥ 85 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጀርመን ሆልትስኪርሸን የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ለሉፍታንዛ ባደረገው ሙከራ ሰዎችን በእውነተኛ የአውሮፕላን አካል ውስጥ አስቀምጦ፣ ግፊቱንና እርጥበቱን ቀንሶ አቀመሳቸው፤ የጨው ስሜት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ የስኳር ስሜት ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀነሰ፤ መራራውና ኮምጣጣው ብዙም አልተነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጩኸቱን ብቻ ለይተው ሲፈትኑ ጣፋጩ ሲቀንስ የሥጋ መረቅ፣ የቲማቲምና የእንጉዳይ ዓይነቱ ጣዕም ግን ጎላ። መሬት ላይ የቲማቲም ጭማቂ ነክተው የማያውቁ ሰዎች አየር ላይ የሚያዙት በዚህ ነው። ጆሮ ላይ ጥሩ የድምፅ መከላከያ አድርጎ መብላት ለውጥ አለው፤ ሞክሩት።

ይህን ይዘን ምናሌውን ስናነብ፣ ምን ማዘዝ እንዳለብን ግልጽ ይሆናል። ዶሮ ወጥ ለአውሮፕላን የተሠራ ይመስላል። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ቁሌት ላይ የቆየ፣ ቅባት የጠገበ፣ መረቁ ወፍራም ስለሆነ ሲሞቅ አይደርቅም። የበርበሬው ማቃጠል ደግሞ የምላስ ጣዕም ሳይሆን የሕመም ስሜት ዓይነት ስለሆነ ከፍታ አያደበዝዘውም። ሲቀርብ ግን ማንኪያ አስገብታችሁ ከሥር ወደ ላይ አማስሉት፤ ንጥር ቅቤው ሲቀዘቅዝ ላይ ረግቶ ስለነበር ሲሞቅ ተለይቶ ይንሳፈፋል፣ ካልተማሰለ የመጀመሪያው ጉርሻ ቅባት ብቻ፣ የመጨረሻው ደረቅ ይሆናል። እንቁላሉን አልመክርም። ሁለት ጊዜ የበሰለ እንቁላል ነጩ ጎማ ይሆናል፣ የአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ያወጣል። ምስርና ሽሮም ደህና ናቸው፤ ሽሮ ከወፈረ ትንሽ ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። ጥብስ ግን አይሆንም፤ ጥብስ ከድስቱ እየተንጫጫ ካልመጣ ጥብስ አይደለም፣ ኦቭን ውስጥ 20 ደቂቃ የቆየ ሥጋ ደግሞ ቋንጣ ለመሆን መንገድ የጀመረ ነው። በፈረንጁ ምናሌም ሕጉ ያው ነው፦ ስቴክ ካለና ቀስ ብሎ በመረቅ የበሰለ ሥጋ ካለ፣ ሁለተኛውን።

ጿሚ ለሆነ ሰው ነገሩ ከመሬት ይጀምራል። ልዩ ምግብ ብዙውን ጊዜ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ይታዘዛል። የሚታዘዝበት መለያ ፊደል ላይ ነው ስህተቱ የሚፈጠረው፦ ቪ-ጂ-ኤም-ኤል ከእንስሳት የሆነ ምንም የሌለበት ነው፤ ቪ-ኤል-ኤም-ኤል ግን ሥጋ የለውም እንጂ ወተትና እንቁላል አለው። የትኬት ወኪሉ «ቬጂቴሪያን» ብሎ ሁለተኛውን ከመዘገበው ቁርስ ላይ ኦምሌት ይመጣል። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው አየር መንገድ፣ ከጎኔ የነበሩ እናት በፍልሰታ ኦምሌት ቀርቦላቸው እስከ መዳረሻችን በዳቦና በሻይ ነው የሄዱት። ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፦ ሐሙስ ማታ የተነሳ ሰው ትሪው ሲደርስ ዓርብ ገብቷል። ሐሙስ ነው ብሎ ዶሮ ያዘዘ ሰው ሰዓቱን ያየው ከጎረሰ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ወይኑ። የአየር ላይ ወይን ሲመረጥ መሬት ላይ የተማርነው ግማሹ ይገለበጣል። ፍሬያማው ሽታ ይቀንሳል፤ ኮምጣጣነቱና ታኒኑ፣ ማለትም ድድ የሚያኮማትረው ነገር፣ ይቀራል። ስለዚህ በስሙ የሚያስፈራ፣ ገና ወጣት የሆነ የቦርዶ ቀይ ወይን አየር ላይ ሲወጣ እንደ ጠነከረ ሻይ ይሆናል፤ ስሱና ኮምጣጣው የቡርጎኝ ፒኖ ኗር ደግሞ ውሃ ይሆናል። የሚጸናው ፍሬው የበዛ፣ ታኒኑ የለሰለሰ ነው፦ ሜርሎ፣ የአርጀንቲና ማልቤክ፣ ሺራዝ። ከነጩ ሽታው የሚጮኸው የኒውዚላንድ ሶቪኞን ብላን እንደ ሌሎቹ አይጠፋም። የካስቴል ሪፍት ቫሊ ሜርሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በባቱ፣ በቀድሞው ዝዋይ፣ ተጠምቆ የሚወጣው ማለት ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ለዚህ ዓይነቱ አየር የሚስማማ ወይን ነው።

ግን ከዶሮ ወጥ ጋር ቀይ ወይን አልጠጣም። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፣ ታኒኑም የበለጠ ያሻክረዋል፤ 14 በመቶ አልኮል ያለው ሺራዝ ከሚጥሚጣ ጋር ሲገናኝ የሚቀምሰው ሰው ጣዕም አይለይም፣ ይንቃጠላል እንጂ። ከበርበሬ ጋር የሚሄደው አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ነገር ነው፦ የጀርመን ሪዝሊንግ፣ ቢጠፋ ቀዝቃዛ ሮዜ። ጠጅ ካለ ደግሞ ጥያቄም የለ። ማሩ እሳቱን ያበርዳል፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ አየር ላይ ስለማይጠፋ ጠጁ ስኳር ውሃ አይሆንም። ዝርዝሩ ላይ ባይጻፍም ጠይቁ። ቀዩን ወይን ከምግቡ በኋላ ለሚመጣው የፈረንጅ አይብ አቆዩት።

ቀይ ወይኑ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ቀዝቅዞ ነው፤ ጠርሙሱ የተቀመጠው ከቀዘቀዙት ጋሪዎች አጠገብ ነው። ቀዝቃዛ ቀይ ወይን ታኒኑ ይመርራል። ብርጭቆውን ግማሽ ብቻ አስቀድቶ፣ ሆዱን በሁለት መዳፍ ይዞ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው። ሳትመርጡ በፊት ትንሽ ትንሽ እንዲያስቀምሷችሁ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ቢዝነስ ክላስ ውስጥ አስተናጋጆቹ ይህን ለምደውታል። ሻምፓኙ ከሁሉ በፊት፣ ገና ምላስ ሳይደክምና አፍንጫ ሳይደርቅ፣ ቢጠጣ ይሻላል።

ወደ ሪያድ ወይም ጅዳ በሳውዲያ አየር መንገድ የሚበር ሰው ይህን ሁሉ ይዝለለው። እዚያ አልኮል የለም፤ ሄል የገባበት ቀጠን ያለው የዓረብ ቡና ከቴምር ጋር ይመጣል። ደረቅ አየር ውስጥ ከብዙ ወይን ይልቅ እሱ ይጥማል ብል ማጋነን አይደለም።

የእኛው ቡናስ? አየር ላይ ከሰል አይነድም፣ ስለዚህ ጀበና ቢመጣም ሥርዓቱ እንጂ እሳቱ አይመጣም። ብረት ታንክ ውስጥ ያደረ ውሃም የራሱ ጣዕም አለው። ቡናውን ላውንጅ ጠጥቶ መግባት፣ አየር ላይ ሻይ በዝንጅብል መጠየቅ የእኔ ምርጫ ነው።

አንድ የማልቀልድበት ነገር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የጀርመን ጥናት ጤነኛ ወጣቶችን አልኮል አጠጥቶ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር በተመጣጠነ ግፊት ሲያስተኛቸው የደማቸው ኦክስጅን ወደ 85 በመቶ ወርዶ፣ ልባቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲፋጠን አድሯል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ወንበሩን አልጋ አድርጎ ከመዘርጋቱ በፊት ወይኑን ይተው። ለሌላው፣ በአንድ ብርጭቆ ወይን አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከመጨረሻው ጉንጭ እስከ መኝታ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት።

ወደ ዋሺንግተን ሲኬድ መሃል ላይ ለነዳጅ ይታረፋል። ቦሌ ከፍታው ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፣ ነዳጅ ሙሉ ተጭኖ አይነሳም። ስለዚህ እንቅልፉ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዕረፍቱ በፊት ቁርስ ይምጣ አይምጣ ቀድሞ መጠየቅ፣ መቀስቀስ የማይፈልግም መናገር ነው። ሲመለሱ ቀጥታ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለም።

ዳለስ ሲቃረብ ከትሪው ላይ ያስቀራችሁት ፖም ቦርሳ ውስጥ ካለ እዚያው አውሮፕላኑ ላይ ብሉት ወይም ተዉት። ፍሬ ይዞ ሳያስመዘግብ የወረደ ሰው ይቀጣል፤ ከአውሮፕላኑ ነው ያገኘሁት ማለት አያድንም። ቋንጣም እንዲሁ ይወሰዳል። ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ አስመዝግቦ ማለፍ ይቻላል።