ወርቅ ፊት መሣል፦ የማዳም ማስክ ልምምዴ

ሰላም የሥዕል ወዳጆች። ሰሞኑን የያዝኩት ልምምድ የኮሚክስ ገጸ ባሕርይዋ ማዳም ማስክ ናት፤ የብረት ልብስ ለባሹ ጀግና የአይረን ማን የድሮ ጠላት። ፊቷ ሙሉ ለሙሉ በወርቅማ ጭንብል ተሸፍኗል። ከንፈሯ አይንቀሳቀስ፣ ግንባሯ አይኮሳተር። ታዲያ ንዴቷንና ሐዘኗን አንባቢው በምን ይወቅላት?

ለማታውቋት ባጭሩ ልንገራችሁ። ስሟ ዊትኒ ፍሮስት ነው። ብቅ ያለችው እ.ኤ.አ. በ1968 ስታን ሊ ጽፎት ጂን ኮላን በሣለው ታሪክ ላይ ነው። ያኔ ጭንብል አልነበራትም። በአንድ የዎል ስትሪት ባለሀብት ቤት እንደ ልጅ ተቀማጥላ ያደገች ሴት ናት። አሳዳጊዋ ሲሞት ግን ወላጅ አባቷ ካውንት ነፋሪያ፣ ማጊያ የተባለው የወንጀል ድርጅት አለቃ መሆኑን ሰማች። በኋላም የአባቷን መንገድ ተከተለች። ከቶኒ ስታርክ (አይረን ማን ማለት እሱ ነው) ድርጅት ስታመልጥ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ወደቀና ኬሚካል ፊቷን አበላሸው። ወርቅ ያሳበደው ማይዳስ የሚባል ባለጸጋ አስጠጋትና ጭንብሉን ሰጣት። ማዳም ማስክ ተብላ የመጣችው በ1969፣ በአይረን ማን ኮሚክስ ቁጥር 17 ላይ ነው። ጸሐፊው አርቺ ጉድዊን፣ ሠዓሊው ጆርጅ ተስካ ነበሩ።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ዓይንን ብቻ የሚሸፍን ጭንብል ብዙም አያስቸግርም፤ አፍ አለልህ። እዚህ ግን የቀሩህ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። ለውጥ ያየሁት ዓይኑን መነካካት ትቼ ጭንቅላቱን ማዘንበል ስጀምር ነው። አገጯን ዝቅ ሳደርገው የቀዳዳው የላይኛው ጠርዝ ብሌኗን ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ታስፈራለች። ቀና ሳደርጋት ከብሌኑ ሥር ነጩ ይታያል፤ ያው ጭንብል የደነገጠች ሴት ይሆናል። አንዲት መስመር እንኳ አልቀየርኩም! ጭንብሉ ራሱ እንዲስቅ ወይም እንዲኮሳተር አድርጎ መሣል ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። ብረት ብረት ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ በእኛ የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉዎች በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። እሷንም እንደዚያ ሞከርኳት። ወዲያው ክፋቷ ጎላ፣ ግን የሚያሳዝነው ነገሯ ጠፋ። ማዳም ማስክ ደግሞ ሳታሳዝን ማዳም ማስክ አይደለችም። ስለዚህ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኗ መለስኳት።

ሁለተኛው ፈተና ወርቁ ነው። የዚያን ዘመን ኮሚክስ የሚታተመው በርካሽ ወረቀት ላይ፣ በጥቂት ቀለሞች ነበር። ወርቅ የሚባለው ተራ ቢጫ ነው። ብረት የሚያስመስለው ጥቁሩ ነው። በእርሳስ ቀስ እያልኩ ሳደበዝዘው ጭንብሉ ጨርቅ ይመስላል። በብሩሽ ጉንጯ ዳር ላይ ድፍን ጥቁር አሳርፌ፣ አጠገቡን ምንም ሳልነካ ባዶ ስተወው ግን ያበራል። በጥቁሩና በነጩ መሃል ግራጫ አይግባ። ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ያህል ስል ይሁን። ፀጉሯን ደግሞ በተቃራኒው ለስለስ ባለ መስመር ሥሩት፤ ብረቱ ይበልጥ ይጠነክራል።

የቀጣዩ ልምምዴ ርዕስ ክሪሲ ሎንግፌሎው ናት። በ1970ዎቹ ታሪኮች ማዳም ማስክ በዚህ ስም የስታርክ ጸሐፊ መስላ ቢሮው ገብታ ነበር። ፊቷ የሌላ ሰው ነው፤ ትከሻዋና እጇ ግን ያችኑ ሴት እንዲያሳብቁ እፈልጋለሁ። እጅ ላይ ገና ነኝ። በተለይ የጸሐፊ እጅ፣ ወረቀት የያዘ ጣት፣ በብሩሽ የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ አሳዩኝ።