ፓምፓን በሳይክል፦ ከአንድ ዓይናው አጋዘን እስከ ሱይፓቻ

ጭቅጭቁ የጀመረው የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ አውቶቡስ ተራ ነው። ሁለቱን ሳይክሎች ለመጫን ከሰው ትኬት የማይተናነስ ገንዘብ ተጠየቅን። ደረሰኝ አለው ወይ ስንል ሰውየው ትከሻውን ሰበቀ። ጓደኛዬ አይሪሽ ስለሆነ ይቅርታ ጠይቆ ሊከፍል ነበር። እኔ ግን የመርካቶ ልጅ ነኝ። ስፓኒሽ ባልችልም በጣቴ መከራከር አያቅተኝም። ከሩብ ሰዓት በኋላ በግማሽ ዋጋ ተስማማን። ጓደኛዬ ሌሊቱን ሙሉ "ሰውየው ተቀይሞን ይሆን?" እያለ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሙሊንጋር መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። አየርላንድ መሃል፣ ዌስትሚዝ አውራጃ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። እንግሊዝኛ አፌን የፈታሁት እዚያ መጋዘን ስሠራ ነው። ለንደን ያለችው እህቴ "ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ እንግሊዝኛ ነው?" እያለች ትስቅብኛለች። ጓደኛዬ የዚያው አገር ተወላጅ ነው። የአያቱ አጎት አርጀንቲና ሄዶ በዚያው ቀርቷል።

የአይሪሽ ስደት ሲነሳ ቦስተንና ኒውዮርክ ብቻ ናቸው ትዝ የሚሉን። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ከዌስትሚዝ፣ ከሎንግፎርድና ከዌክስፎርድ ብዙ ሰው በግ ሊጠብቅ ፓምፓ፣ የአርጀንቲና ሰፊ ሜዳ ገብቷል። ውሉ ለኛ አዲስ አይደለም፤ የእኩል ወይም የሲሶ ነው። መንጋው የባለሀብቱ፣ ጉልበቱ የእረኛው። ከግልገሉም ከሱፉም እረኛው ድርሻውን ያነሳል። ሱፍ ገበያ ስለነበረው ባዶ እጁን መጥቶ ባለ መሬት የሆነ ጥቂት አይደለም።

ጓደኛዬ በሳይክል እንሂድ ብሎ ያሳመነኝ "ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም" ብሎ ነው። ስለ ነፋሱ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በአውቶቡስ ደርሰን በሳይክል የተነሳነው ከቬናዶ ቱዌርቶ ነው። የስሙ ትርጉም አንድ ዓይና አጋዘን ማለት ነው። ከተማዋን በፈረንጆቹ 1884 የመሠረታት ኤድዋርዶ ኬሲ የአይሪሾች ልጅ ነበር። ከዚያ እስከ ፔርጋሚኖ ያለውን ሁለት ቀን ባልናገረው ይሻላል። አኩሪ አተር፣ ሰማይ፣ እንደገና አኩሪ አተር። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ሣሩ ውስጥ እንገባለን። ዳገት ቢሆን እኮ ጫፉ ይታያል፤ ሰው ያንን እያየ ይጽናናል። እንጦጦ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

አሬሲፌስ ሳንደርስ የኋላ ጎማዬን እሾህ በሳው። ትርፍ ካላማዳሪ ጨርሰናል። አንድ ሰዓት ያህል ሳይክሉን እየገፋሁ ሄድኩ። ጓደኛዬ በስልኩ ጥገና ቤት ይፈልጋል፤ ኔትወርክ የለም። በኋላ ከሩቅ በቀለም የተጻፈች ታፔላ አየሁ፦ "ጎሜሪያ"። "ጎሚስታ!" ብዬ ጮህኩ። ጓደኛዬ ፀሐይ የመታኝ መሰለው። ጣሊያን ለኛ ትቶት የሄደው ቃል ዘመድ እዚያ ሜዳ ላይ ደረሰልኝ። ጎሚስታው የትራክተር ጎማ ሲነቅል አገኘነው። የኔን ለጠፈልኝና ገንዘብ አልቀበልም አለ። ጭራሽ ማቴ ጋበዘን።

ማቴ ትንሽ ቅል ውስጥ ደረቅ ቅጠል ሞልቶ ሙቅ ውሃ እየተጨመረበት፣ በአንድ የብረት መምጠጫ በየተራ የሚጠጣ ነገር ነው። መራራ ነው፤ ግን ወደድኩት። የመጀመሪያውን እንደጨረስኩ በጨዋ ደንብ "ግራሲያስ" አልኩ። ከዚያ ቅሉ አለፈኝ። ሁለተኛ ዙርም አለፈኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ተጨነቅኩ። ለካ ቅሉን ስትመልስ "አመሰግናለሁ" ማለት "በቃኝ" ማለት ኖሯል! እኛ ቤት አቦል ጠጥቶ ያመሰገነ ሰው ቶናው ይቀርበታል? በረካውንስ ሳይጠጣ ማን ይለቀዋል?

በዚያ ምሽት የአንዲት ትንሽ ከተማ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በነጻ አሳደሩን። ፍራሽ ሰጡን፣ ሻወሩን አሳዩን። አገር ማለት እንዲህ ነው ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልክ ከጭንቅላታችን በላይ፣ ጣራው ላይ ያለው ሳይረን ጮኸ። ለካ ሠራተኞቹን ከየቤታቸው የሚጠራቸው እሱ ነው። ሰው የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ፣ ጫማውን እየጎተተ ይሮጣል። ጓደኛዬ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ እሳት አደጋው መኪና ላይ ሊወጣ ሲል አንዱ ክንዱን ይዞ በትህትና መለሰው። የተቃጠለው የመንገድ ዳር ሣር ነው አሉ። 11 ሰዓት ላይ ተመለሱ። እኛ ያን ጊዜም አልተኛንም።

ሳን አንቶኒዮ ደ አሬኮ ውብ ናት ይባላል። ተኝተን ዋልንባት።

ከዚያ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ነፋሱ ተወን። መርሴዴስ የምትባል ከተማ ላይ አልጋ ለሁለት 20 ዶላር ከፈልን። የምግብ ቤቱ ሜኑ ላይ ዋጋ በዋጋ ላይ ተለጥፎበት ወረቀቱ ወፍሯል። እራት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የለም። ቀን ላይ ደግሞ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ያንቀላፋል። የመርካቶ ነጋዴ ይህን ቢያይ ያለቅሳል።

በማግስቱ በቅዱስ ፓትሪክ ስም የተሠራው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በር ላይ ያገኘናቸው እናት ሥራቸውን ትተው ሲያጫውቱን ረፈደ። በፈረንጆቹ 1844 ከአየርላንድ ስለመጡት አባ ፋሂ ነገሩን። እኚህ ቄስ እስከ ሞቱበት እስከ 1871 ድረስ ለእረኞቹ ንስሐ አባትም፣ ገንዘብ ጠባቂም፣ ሙሽራ ፈላጊም ነበሩ። አገሬው አይሪሾቹን "እንግሊዞች" እያለ ይጠራቸው እንደነበርም አወሩን። ጓደኛዬ ፊቱ ቀላ። እኔ ሳቅሁ። የሰፈሬ ልጆች ቢያገኙት እሱንም "ቻይና" ብለው ይጠሩት ነበር።

የ1889ኙን ሲነግሩን ግን አልሳቅሁም። "ሲቲ ኦፍ ድሬስደን" በምትባል መርከብ 1,800 ገደማ ድሆች መጡ። ወኪሎቹ ቤትና መሬት ይጠብቃችኋል ብለዋቸው ነበር። ሲደርሱ የተዘጋጀ ነገር የለም። ብዙ ሕፃናት ሞቱ። ያኔም ደላላ ነበር ማለት ነው። ቤሩትና ጅዳ የሄዱት የሰፈሬ ልጆች ፊታቸው መጣብኝ።

እኚያው እናት ስልክ ደውለው ሱይፓቻ አጠገብ ወዳለ አንድ የገበሬ ቤት ላኩን። የቤቱ አሮጊት 91 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። አየርላንድን ረግጠው አያውቁም። አያቶቻቸው ናቸው የመጡት። ገና አፋቸውን በእንግሊዝኛ ሲከፍቱ ጓደኛዬ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። "የአያቴ አነጋገር ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ዛሬ ሙሊንጋር ውስጥ እንዲያ የሚያወራ ከሽማግሌዎች በቀር የለም። መጋዘን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እነዚያው ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ሽማግሌዎች ናቸው።

ስለ አያቱ አጎት ጠየቃቸው። አላወቁትም። እንዲሰሙት ብሎ ቃሉን እያስተካከለ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚያወራው። አሮጊቷ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡት ቆዩና፣

"አንተ የደብሊን ሰው ነህ፤ እንደ ሬዲዮ ነው የምታወራው" አሉት።

ለዌስትሚዝ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። እኔ ሳቄን ለመዋጥ እየታገልኩ ስለ መንገዱ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሳይረኑ አወራኋቸው። አሮጊቷ ፊታቸው ፈካ። እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ያዙ።

"አንተ ግን የኛው ልጅ ነህ። የየትኛው ደብር ነህ?"

ጓደኛዬን አየሁት። ወደ ጣራው ያያል።

"የመርካቶ" አልኳቸው።

"መርካቶ…" አሉ፣ ትንሽ አሰብ አድርገው። "አባቴ ሲያነሳው አልሰማሁም። ከሙሊንጋር ይርቃል?"

"በሳይክል ከሆነ ይርቃል እማማ።"